አልሞ መተኮስ ከሰዓት ጋር፦ የመጀመሪያው የሽጉጥ ውድድሬ

የፕራክቲካል ሽጉጥ ተኩስ ውድድር ልሞክር ብዬ ስሄድ የጠበቅኩት ጫጫታ፣ ወከባና ጉራ ነበር። ያገኘሁት ሌላ ነው። ሜዳው ላይ ያለው ተወዳዳሪ ሁሉ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ታጥቋል። ግን የአንዱም ሽጉጥ ጥይት አልጎረሰም። ካዝናው ወጥቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ጥይት ማጉረስ የሚፈቀደው ተራው ለደረሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያም ዳኛው አጠገቡ ቆሞ፣ እሱ ፊቱን ጥይት ወደሚያስቀረው የአፈር ግድግዳ አዙሮ፣ “ተዘጋጅ” ሲባል። ሌላው ሰው ሽጉጡን ከማህደሩ እንኳ አያወጣም።

ቀበቶ ማስተካከል ወይም ባዶ ሽጉጥ መዝዞ እጁን ማፍታታት የፈለገ ሰው ለዚሁ ተብላ ወደተከለለች ቦታ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ጥይት መንካት ክልክል ነው። የማይተኩስ የልምምድ ጥይት እንኳ ቢሆን አይነካም። ሽጉጥ በሚነካበት ቦታ ጥይት አይነካም፤ ጥይት በሚነካበት ቦታ ሽጉጥ አይነካም። ይህን ደንብ ያወጣ ሰው እጁ ይባረክ። ያን ያህል መሣሪያ ባለበት ቦታ እንዲያ ተረጋግቼ እቆማለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ስለ ስፖርቱ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ “አልፈራሽም?” ብሎ ነው። ፍርሃት መጀመሪያ ላይ አለ፣ አልክድም። ግን ቶሎ ይለቃል። የማይለቀው ልብ የማለት ጣጣ ነው። የት ቆሜያለሁ፣ አፈሙዙ ወዴት ዞሯል፣ ጣቴ የት ነው፣ ስንት ጥይት ቀረኝ፣ ቀጣዩ ዒላማ ከየትኛው መስኮት ነው የሚታየው? ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ ሰዓት እየቆጠረ። ይህ ውድድር ከክንድ ይልቅ የሚፈትነው እሱን ነው፤ እኔንም የያዘኝ እሱ ነው።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው የዒላማ ተኩስ አንድ ቦታ ቆመህ፣ ትንፋሽህን ሰብስበህ፣ ክብ ወረቀት ትመታለህ። በፕራክቲካል ተኩስ ትንቀሳቀሳለህ። ሜዳው በእንጨት ግድግዳ፣ በመስኮት፣ በበርሜልና በበር ተከፋፍሏል። ከግድግዳው ጀርባ የካርቶን ዒላማዎች አሉ። ሲመቱ የሚወድቁ የብረት ዒላማዎች አሉ። መመታት የሌለባቸው ነጭ ካርቶኖችም መሐል ተሰክተዋል። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሜዳ ስቴጅ ይባላል። በዓለም አቀፉ ደንብ አጭሩ ስቴጅ እስከ 12፣ መካከለኛው እስከ 24፣ ረጅሙ እስከ 32 ተኩስ ይጠይቃል። ከየት ጀምረህ በየት ታልፋለህ፣ የቱን አስቀድመህ ትመታለህ የሚለው በአብዛኛው ለተኳሹ የተተወ ነው።

አሁን ወደ ነጥቡ ልምጣ፤ የስፖርቱ ነፍስ ያለው እዚያ ነውና።

ካርቶኑ በሦስት ቀጠና የተከፈለ ነው፦ ኤ፣ ሲ እና ዲ። መስመሮቹ ከሩቅ አይታዩም። መሐሉን የምትገምተው በዓይንህ ነው። ኤ ቀጠና ምንጊዜም 5 ነጥብ ነው። እንደኔ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ይዞ በዝቅተኛው የኃይል ደረጃ የሚወዳደር ሰው ከሲ 3፣ ከዲ 1 ነጥብ ብቻ ያገኛል። ከባድ ጥይት የሚተኩሱት 4 እና 2 ያገኛሉ። ኃይሉ የሚሰላው ከአፈሙዙ የሚወጣውን የጥይት እርሳስ ክብደት በፍጥነቱ በማባዛት ነው። 124 ግሬን የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ 1,050 ጫማ ቢወረወር ውጤቱ ለ1,000 ተካፍሎ 130 ይሆናል። ለዝቅተኛው ደረጃ 125 ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ካርቶን ሁለት ተኩስ ይቆጠራል። መሳት 10 ነጥብ ያስቀንሳል። ነጩን ካርቶን መምታትም 10።

ከዚያ የተሰበሰበው ነጥብ በሰከንድ ይካፈላል። ይኸው ነው። ግን ይህች አንዲት ማካፈል ሁሉን ነገር ትለውጣለች።

ስምንት ካርቶን ያለበት ስቴጅ እናስብ። ሙሉ ነጥቡ 80 ነው። አንዱ ተኳሽ ሁሉንም መሐሉን መታ፤ 80 ነጥብ በ20 ሰከንድ፤ ውጤቱ 4። ሁለተኛው ጥቂቶቹ ወደ ሲ ሾለኩበት፤ 70 ነጥብ በ14 ሰከንድ፤ ውጤቱ 5። ሦስተኛው እንደ መብረቅ በ10 ሰከንድ ጨረሰ፤ ግን ስቶ ተቀንሶበት 45 ነጥብ ቀረው፤ ውጤቱ 4.5። ያሸነፈው ሁለተኛው ነው፤ የስቴጁን 80 ነጥብ ሙሉ ይወስዳል። ሁሉን መሐል የመታው ጠንቃቃ ሰው የአሸናፊውን 80 በመቶ ስላመጣ 64 ነጥብ ይይዛል።

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ይባላል። ሦስተኛው ተኳሽ የሆነው እሱ ነው። ግን የመጀመሪያውን እዩት። እሱ አልቸኮለም፣ ምንም አላፈሰሰም፣ ሆኖም ተሸነፈ። ይህ ስፖርት ልክህን እወቅ ይልሃል፤ ልክህን ደግሞ በየዒላማው ይለዋውጠዋል። አምስት ሜትር ላይ ያለውን ሰፊ ካርቶን ለማየት ግማሽ ሰከንድ መጨመር ብክነት ነው። ሃያ ሜትር ላይ ግማሹን በነጭ ካርቶን የተሸፈነውን ግን ሳታይ ብትተኩስ ጉድህ ይፈላል። በአንድ ሩጫ ውስጥ ፍጥነትህን ደጋግመህ መቀየር አለብህ። ከዚህ በላይ የሚያምር የውጤት አሰጣጥ በሌላ ስፖርት ውስጥ አላየሁም።

ተኩሱ ከመጀመሩ በፊት ቡድኑ ሜዳውን ዞሮ የሚያይበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ትዕይንቱ ግራ ያጋባል። ጎልማሶች ባዶ እጃቸውን እንደ ሽጉጥ ዘርግተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ከመስኮት ወደ መስኮት ይራመዳሉ። ይቆጥራሉ። ይመለሳሉ። እንደገና ይቆጥራሉ። ከቡድናችን አንዷ ዓይኗን ጨፍና ቆማ ሜዳውን በልቧ ስታልፈው አየሁ፤ ጣቷ በአየር ላይ ዒላማዎቹን አንድ በአንድ ትጠቁማለች።

እኔም ቆጠርኩ። በምወዳደርበት ፕሮዳክሽን በተባለው ምድብ በዓለም አቀፉ ደንብ ሲጀመር ካዝና ውስጥ ከ15 ጥይት በላይ አይገባም። አንደኛው ስቴጅ 24 ተኩስ ነበረው። ከግራው መስኮት 6፣ ከመሐል 6፣ ከቀኙ በርሜል አጠገብ 8፣ ከመጨረሻው በር 4። ሒሳቡ ቀላል ይመስላል። 15 ተኩሼ ሲያልቅ ካዝና ልቀይር? ያን ጊዜ የሚያልቀው ቀኙ ቦታ ላይ በመተኮስ መሐል ነው፤ ቆሜ መቀየር ሊኖርብኝ ነው። 12 ተኩሼ ከመሐል ወደ ቀኝ ስራመድ ልቀይር? ያኔ የቅያሬው ጊዜ በእርምጃው ውስጥ ይጠፋል። ግን አንድ ጥይት ሽጉጡ ውስጥ እንደጎረሰ፣ ሁለት ጥይት የያዘ ካዝና መሬት ላይ መጣል አለብኝ።

እሱ ያስጨንቃል። ጥይት እያለህ ካዝና መጣል ከተፈጥሮህ ጋር ይጣላል። እጅ “ቆይ፣ ገና አለ እኮ” ይላል። አንድ ልምድ ያለው የቡድናችን ሰው እቅዴን ሰምቶ፣ “እህቴ፣ ጣያው። ቆመሽ ስትቀይሪ ሰዓቱ አይቆምልሽም፤ ስትራመጂ ስትቀይሪ ግን ያው መራመድሽ አይቀርም” አለኝ። ከዚያ ቀን ምክሮች ሁሉ የያዝኩት ይህን ነው። ሌላም ነገር አሳየኝ። ከቀኙ በርሜል ኋላ የተደበቀ አንድ ካርቶን ከአንዲት ጠባብ ቦታ ብቻ ይታያል። ያቺን ቦታ ያላስታወሰ ሰው ዒላማውን ጭራሽ ሳያየው ያልፋል። ሁለት መሳት ተቆጥሮበት፣ መተኮስ የነበረበትን ስላልተኮሰ ደግሞ ተጨማሪ ቅጣት አለ። ካርቶኑን ለማስታወስ ዓይኔን ግድግዳው ላይ ባለች የምስማር ራስ ላይ ተከልኩ።

ተራዬ ደረሰ።

ዳኛው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሲያጫውተኝ የነበረ ሰው ነው። መነጽሬንና የጆሮ መከላከያዬን አየት አደረገና ድምፁ ተለወጠ። ከዚህ በኋላ ከአፉ የሚወጣው የተወሰነ ቃል ብቻ ነው፤ ለአዲሷም ለሻምፒዮኑም አንድ ዓይነት። “ተዘጋጂ።” ካዝናውን አስገባሁ፣ አቀባበልኩ፣ መልሼ ወደ ማህደሩ ከተትኩ። እጄን ጎኔ ላይ አወረድኩ። “ዝግጁ ነሽ?” ዝም ማለት እሺ ማለት ነው። “ጠብቂ።” ከዚህች ቃል በኋላ ድምፁ እስኪጮህ ከ1 እስከ 4 ሰከንድ ይቆያል። ስንት እንደሚሆን አይታወቅም። ዳኛው የያዘው ታይመር ነው የሚጮኸው፤ ከዚያም እያንዳንዱን ተኩስ በድምፁ ይለየዋል። የመጨረሻው ተኩስ ሲሰማ ሰዓትህ እዚያ ላይ ይቀራል።

ጢጥ አለ።

ያችን ሰከንድ በደንብ ልግለጻት፤ የሚሞክር ሰው ሊያውቃት ይገባል። የሰራሁት እቅድ በሙሉ እንደ ተነፈሰ ፊኛ ከጭንቅላቴ ወጣ። እጄ ግን ቀድሞ ሄዶ ነበር። ቤት ውስጥ በባዶ ሽጉጥ ደጋግሜ ያደረግኩት ነገር ነው፤ እጅ ሽጉጡን ይጨብጣል፣ ይመዝዛል፣ ግራው እጅ ደረት ፊት ይገናኘዋል፣ ሁለቱም ይዘረጋሉ። ከዚያ የፊት ማነጣጠሪያዋ ዓይኔ ውስጥ ገባች። ጥርት ብላ። ካርቶኑ ከኋላዋ ደብዝዟል። ተኮስኩ። ማነጣጠሪያዋ ወደ ላይ ዘለለች፤ ተመልሳ እዚያው ቦታ ላይ ቁጭ ስትል አየኋት። ሁለተኛውን ተኮስኩ።

ከዚህ በኋላ እቅዱ ቁርጥራጭ ሆኖ ይመለስልኝ ጀመር። ቀጣዩ መስኮት፣ ብረቱ፣ ያቺ የምስማር ራስ። ብረት ዒላማ የአዲስ ሰው ወዳጅ ነው ብዬ አምናለሁ። ካርቶን መመታቱን ወዲያው አይነግርህም፤ ብረት ግን “ጭን!” ብሎ ይወድቃል። መሐሉ ቦታ ላይ የነበሩት ሁለቱ ብረቶች ሲወድቁ የሰማሁት ድምፅ ትከሻዬን አላላልኝ። ወደ ቀኝ ስራመድ ሁለት ጥይት የያዘው ካዝና ከእጄ ወርዶ ጠጠሩ ላይ አረፈ። አዲሱ ገባ። ጣቴ ከምላጩ ውጭ፣ ሽጉጡ ጎን ላይ ተጋድሞ ነበር። ስንንቀሳቀስ ጣት ምላጭ አጠገብ መገኘት የለበትም። ይህ ምክር አይደለም፤ የጣሰው ሰው ከውድድሩ ይሰናበታል።

መጨረሻ ላይ እንደገና የታወቀው ቃል መጣ። ጥይት አውጪ፣ ባዶነቱን አሳይ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየ። ባዶ ከሆነ ወደ አፈሩ አነጣጥረሽ ምላጩን ሳቢ፣ ወደ ማህደሩ መልሺ። “ሜዳው ነፃ ነው።” ይህ ከተባለ በኋላ ነው ሰው ወደ ፊት የሚራመደው። ቡድኑ በሙሉ ሄደ። አንዱ ነጥብ ይመዘግባል፣ ሌሎቹ የተበሱትን ካርቶኖች በትንንሽ ተለጣፊ ወረቀት ይሸፍናሉ፣ ብረቱን ያቆማሉ፣ ለሚቀጥለው ሰው ሜዳውን እንደነበረ ያደርጉታል። ማንም “ጨርሻለሁ” ብሎ ጥላ ሥር አይቀመጥም። ውድድር ነው፤ ግን እርስ በርስ ካልተደጋገፉ አንድም ስቴጅ አይጠናቀቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ከቡድናችን አንድ በዕድሜ የገፉ ተኳሽ ነበሩ። ሁሉም በአክብሮት ያያቸዋል። እጃቸው ፈጣን ነው፣ እንቅስቃሴያቸው ግን ምንም ጥድፊያ የለበትም። በአንዱ ስቴጅ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ እየተራመዱ ካዝና ሲቀይሩ “ቁም!” የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥ አሉ። ባሉበት። ሽጉጣቸው ወደ ግራ ከተፈቀደው አልፎ ዞሯል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ አፈሙዙ ፊት ለፊት ካለው የአፈር ግድግዳ ከ90 ዲግሪ በላይ ወደ የትኛውም ጎን መዞር የለበትም። ቀኝ እጅ ለሆነ ሰው ወደ ግራ መሄድና ካዝና መቀየር ሲገጣጠሙ አደገኛ ናቸው። ሰውነት ወደ ግራ ይዞራል፤ ቅያሬው ራሱ አፈሙዙን ወደ ግራ ይጎትታል፤ ሁለቱ ይደመራሉ።

ዳኛው በዕድሜ የልጃቸው ያህል ነው። ጥይቱን እንዲያወጡ አደረገና፣ “ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ላሳልፈው አልችልም” አላቸው። እሳቸውም “ልክ ነህ” አሉ። ሌላ ቃል አልተጨመረም። ሽጉጣቸውን በቦርሳ ከተው መኪናቸው ውስጥ አስቀመጡና ተመለሱ። በእጃቸው የተለጣፊ ጥቅል ይዘዋል። እስከ ማታ ካርቶን ሲሸፍኑ ዋሉ። ጠጋ ብዬ፣ “ጋሼ፣ አይዞዎት” አልኳቸው። “ሽጉጤ ወዴት እንደዞረ ያወቅኩት እሱ ሲጮህ ነው” አሉኝ። “እሱ ባይጮህ ኖሮ ነገም እንዲሁ አዞረው ነበር።”

የመሣሪያ ነገር በክብርና በቁጣ በሚታይበት ዓለም ውስጥ ይህን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ማንም ሰው አልሞ ተኳሽ ነኝ ብሎ ከደንብ በላይ አይሆንም። ሽጉጥ የጣለ ይሰናበታል። ጥይት የባረቀበት ይሰናበታል። ሰውም ጨክኖ ያሰናበተውን ዳኛ አይጠላም።

ስፖርቱ ከየት መጣ ለሚል፣ መነሻው አሜሪካ ነው። ጄፍ ኩፐር የተባለ የቀድሞ የማሪን መኮንን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የሽጉጥ ውድድሮችን ማዘጋጀት ጀመረ። ዒላማው ፊት ተገትሮ መተኮስ ከእውነተኛ ሁኔታ ይርቃል የሚል እምነት ነበረው። በ1976 እ.ኤ.አ. በሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ኢፕሲክ የሚባለው ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ሆነ። መርሁ እስከ ዛሬ ሦስት ነገሮችን ያጣምራል፦ ትክክለኛነት፣ ኃይልና ፍጥነት። እየቆየ ስፖርቱ ከራስ መከላከል ሥልጠና ወደ ንጹሕ ፉክክር አዘነበለ። ይህ ያልጣማቸው ሰዎች በ1996 እ.ኤ.አ. አይዲፒኤ የተባለውን ሌላ ማኅበር አቋቋሙ። እኔ ፉክክር መሆኑ ደስ ካላቸው ወገን ነኝ። የኢፕሲክ የካርቶን ዒላማ ራስ የሌለው ባለ ብዙ ማዕዘን ቅርጽ ነው፤ ፊቴ የቆመው ነገር ካርቶንና ብረት፣ ሒሳብና እርምጃ መሆኑ ያስደስተኛል።

መሞከር ለሚፈልግ ሰው ጥቂት ነገር ልበል። የአገራችሁን ሕግና የክለቡን ደንብ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ብዙ ቦታ ከውድድር በፊት የደኅንነት ሥልጠናና ፈተና ግዴታ ነው። ውድ ዕቃ አትግዙ። ምላጩን የሚሸፍን ጠንካራ ማህደር፣ የማይንሸራተት ቀበቶ፣ ሦስት አራት ካዝና፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ ይበቃል። ስትመዘገቡ “አዲስ ነኝ” በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከቡድኑ መጨረሻ ላይ ያደርጓችኋል፤ ሌሎቹ እንዴት እንደሚያልፉት አይታችሁ ትገባላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ለውጤት አትጨነቁ። ሁሉን ዒላማ አግኝቶ፣ አፈሙዝን ጠብቆ፣ እስከ መጨረሻው ስቴጅ መዝለቅ በቂ ነው። እንደኔ ግምት ለአዲስ ሰው ከዚያ በላይ መጠየቅ ተገቢ አይደለም።

እኔ አሁን ቤት ውስጥ የምለማመደው ከቀኝ ወደ ግራ መራመድን ነው። ሽጉጡ ባዶ ነው፤ ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎበታል። ግድግዳው ላይ አንዲት ወረቀት ለጥፌያለሁ። አንድ እርምጃ፣ ካዝናው ይወርዳል፣ አዲሱ ይገባል፣ አፈሙዙ ወረቀቷን እያየ ነው ወይ ብዬ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ሌላ እርምጃ። ታይመር ገዝቻለሁ፤ ግን ለዚህ ልምምድ ገና አልከፈትኩትም።